«እንደገና ልዙር»
ስለ ተማሪ አብራሪዎችና ስለ ትንንሽ አውሮፕላኖች አደጋ የተደረገ ምልልስ

ከዚህ በታች የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛዋ ሴት ልጇ በቅርቡ የአብራሪነት ሥልጠና የጀመረች እናት ናት። ሁለተኛው ዕድሜያቸውን ሙሉ በትንንሽ አውሮፕላኖች ተማሪ ሲያሠለጥኑ ኖረው አሁን ጡረታ የወጡ የበረራ አስተማሪ ናቸው። የአባቷ ወዳጅ ስለ ነበሩ «ጋሼ» ትላቸዋለች።

እናት፦ ጋሼ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልጠይቅዎት። ልጄ ሥልጠና ከጀመረች ወዲህ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ተከሰከሰ የሚል ዜና ስሰማ ቀኔን ሙሉ ሥራ መሥራት ያቅተኛል። የካቲት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ የሆነውን ያስታውሳሉ? አስተማሪና ተማሪ የያዘች ሴስና የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ከመንገደኛ አውሮፕላን ጋር ተጋጨች። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ልጄን ወደዚህ ሙያ መላኬ ልክ ነው?

አስተማሪ፦ አስታውሳለሁ። ዳሽ 8 የሚባለው አውሮፕላን 39 መንገደኞችና 5 የበረራ ሠራተኞች ይዞ ከዊልሰን ማረፊያ ወደ ዲያኒ ተነሥቶ ነበር። እሱ ተመልሶ በሰላም አረፈ። ሴስና 172ቷ ግን ናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ወደቀች፤ የነበሩባት ሁለቱም ሰዎች ሞቱ። ልጅሽ ምንም አትሆንም ብዬ ቃል አልገባልሽም። እንዲህ ያለ ቃል የሚገባልሽ ሰው ካለ አትመኚው። አደጋ ከየት እንደሚመጣና በምን እንደሚቀር ግን ልነግርሽ እችላለሁ። እሱን ካወቅሽ ፍርሃትሽ ባይጠፋም የሚጠቅም ነገር ይወጣዋል።

እናት፦ እሺ፣ ከናይሮቢው እንነሣ። ያን በሚያህል ሰፊ ሰማይ፣ በቀን ብርሃን፣ ሁለት አውሮፕላኖች እንዴት ሳይተያዩ ይቀራሉ?

አስተማሪ፦ የዚያን ዕለቱን ነገር መዳኘት የመርማሪዎች ሥራ ነው። እኔ ስለ ሰው ዓይን ልንገርሽ። ሁለት አውሮፕላኖች ሊጋጩ አቅንተው ሲገሰግሱ፣ አንዱ በሌላው መስኮት ላይ ቦታውን አይለቅም። ዓይናችንን የሚስበው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። የሚያልፈን አውሮፕላን መስኮታችን ላይ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ እናየዋለን። ሊመታን የሚመጣው ግን ቆሞ እንደ ቀረ ትንሽ ነጥብ ሆኖ ይቆይና በመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች በድንገት ይገዝፋል።

እናት፦ ታዲያ ሲያዩት መሸሽ ነው እንጂ!

አስተማሪ፦ ለመሸሽም ጊዜ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ለአብራሪዎች የሚያስተምረው አኃዝ አለ፦ አንድ ሰው ሌላ አውሮፕላን አይቶ፣ ምን እንደ ሆነ ለይቶ፣ እንደሚጋጭ ተረድቶ፣ ወስኖ፣ መሪውን አዙሮ፣ አውሮፕላኑም ታዝዞ እስኪዞር 12.5 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። እንግዲህ እያንዳንዳቸው በሰዓት 185 ኪሎ ሜትር የሚበርሩ ሁለት ትንንሽ አውሮፕላኖች ፊት ለፊት ቢመጡ፣ በዚያች ጊዜ ውስጥ በመካከላቸው ያለው ርቀት በ1.3 ኪሎ ሜትር ያጥራል። በዚያ ርቀት ላይ የሴስና ፊት እጅግ ትንሽ ነው። ክንፏ ከላይ የሆነች አውሮፕላን ደግሞ ወደ ላይ ያለውን ትጋርዳለች፤ ክንፏ ከታች የሆነችው ወደ ታች ያለውን። አንዷ ከላይ ስትወርድ ሌላዋ ከታች ስትወጣ ሁለቱም እየተጠነቀቁ ላይተያዩ ይችላሉ።

እናት፦ እንዲህ ከሆነ ዓይን ምን ያደርጋል?

አስተማሪ፦ ብቻውን አይበቃም፤ ትምህርቱም ይኸው ነው። ተማሪዋ ሰማዩን በክፍል በክፍል ከፋፍላ፣ በየክፍሉ ዓይኗን ለአፍታ እያሳረፈች ማየትን ትለምዳለች፤ ዝም ብሎ የሚንከራተት ዓይን አያይምና። ከመዞሯ በፊት ክንፏን አንሥታ የምትዞርበትን ጎን ታያለች። ከሁሉ በላይ በጆሮዋ ታያለች። በራዲዮ የሌሎቹን ድምፅ እየሰማች ማን የት እንዳለ በአእምሮዋ ትስላለች። ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ካናዳ ውስጥ፣ ማኒቶባ ግዛት፣ ስታይንባክ ከተማ አጠገብ ሁለት ተማሪዎች ተጋጭተው ሞቱ። አንዱ አውሮፕላን ሴስና 152፣ ሌላው ሴስና 172 ነበር፤ ሁለቱም ተማሪዎች ብቻቸውን ሆነው ማረፍን እየተለማመዱ ነበር። ሁለቱም አውሮፕላኖች ራዲዮ ነበራቸው። መቆጣጠሪያ ማማ በሌለበት ሜዳ አብራሪዎች እርስ በርስ እየተነጋገሩ ነው ተራ የሚይዙት። ስለዚህ ልጅሽ ሌላው የት እንዳለ ግራ የገባት ጊዜ «የት ነህ? አላየሁህም» ብላ ለመጠየቅ መፍራት የለባትም።

እናት፦ «አላየሁህም» ማለት የሚያስፈራ ነገር ነው?

አስተማሪ፦ ለእኛ ልጆች ያስፈራል። ወደዚያ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ስለ ማረፍ ላውራሽ፤ እሱ ላይ ረዘም ማለቴ አይቀርም።

እናት፦ አዎ፣ ብዙ ጊዜ የምሰማውም «ሊያርፍ ሲል ወደቀ» የሚል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ይሆናል እላለሁ።

አስተማሪ፦ ብዙ ሰው እንዲህ ይመስለዋል። ክንፍ የሚሸከመው አየሩ በጀርባው ላይ ተጣብቆ እስከ ፈሰሰ ድረስ ነው። ክንፉ ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ15 ወይም ከ16 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ አየሩ ይላቀቃል፤ ክንፉም መሸከሙን ያቆማል። ስቶል የምንለው ይህን ነው። ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ እየሠራ ሊደርስ ይችላል። ከፍ ብለሽ ሳለ ቢደርስ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አፍንጫውን ዝቅ አድርገሽ ክንፉ አየሩን መልሶ እንዲይዝ ታደርጊያለሽ። ተማሪዎች ይህን ከፍታ ላይ ሆነው ደጋግመው ይለማመዱታል። መሬት ቀርቦ ሲሆን ግን ጣጣ ነው።

እናት፦ መሬት ሲቀርብ ያን መድኃኒት ማድረግ አይቻልም?

አስተማሪ፦ የሚወረድበት ቦታ የለማ! አሁን ልጅሽ ለማረፍ የመጨረሻውን መታጠፊያ እየታጠፈች ነው እንበል። ከመሬት 150 ሜትር ያህል ላይ ናት። ነፋስ ከኋላዋ ገፍቷት ከማኮብኮቢያው መሥመር አለፈች። ማኮብኮቢያው ወደ ጎን ሲሸሽባት አየች። ልብ ምን ይላል? «አጥብቀሽ ታጠፊ» ይላል። ክንፏን ይበልጥ ታጋድላለች፤ አፍንጫው እንዳይወርድባት መሪውን ወደ ራሷ ትስባለች፤ ቶሎ እንዲዞርላት በእግሯ ረደሩን፣ የጭራውን መሪ፣ ትገፋለች። ክንፍ ባጋደለ ቁጥር ስቶል የሚመጣበት ፍጥነት ከፍ ይላል። በ45 ዲግሪ ማጋደል በ19 በመቶ፣ በ60 ዲግሪ ደግሞ በ41 በመቶ ይጨምራል። ሴስና 172 ፍላፕ የሚባለውን የክንፏን ተዘርጊ ክፍል ሳትዘረጋ በቀጥታ ስትበርር ስቶል የሚደርስባት በሰዓት 89 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከሆነ፣ ከፍታዋን ጠብቃ 60 ዲግሪ አጋድላ ስትዞር በ126 ኪሎ ሜትርም ይደርስባታል። ተማሪዋ የፍጥነት መለኪያዋን አይታ «ደህና ነኝ» ትላለች። በዚያ ላይ ረደሩን አብዝታ ስለ ገፋችው አንደኛው ክንፍ ከሌላው ቀድሞ ይከዳል፤ አውሮፕላኑም እየተሽከረከረ ይወርዳል። ከዚያ ለመውጣት የሚያስፈልገው ከፍታ ከ150 ሜትር ይበልጣል።

እናት፦ እግዚአብሔር ያውጣ! ታዲያ በዚያች ሰዓት ትክክለኛው ነገር ምንድን ነው?

አስተማሪ፦ መተው ነው። መታጠፉን ማለዘብ፣ ለሞተሩ ሙሉ ጉልበት መስጠት፣ ከፍ ማለት፣ በራዲዮ «ጎ አራውንድ» ብሎ መናገርና እንደገና ዞሮ መምጣት። ጥቂት ደቂቃና ጥቂት ነዳጅ ነው ዋጋው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም።

እናት፦ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን አያደርጉትም?

አስተማሪ፦ አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሽ። ለምን አያደርጉትም? መሬት ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው አለ። አስተማሪው አለ፤ የክፍል ጓደኞች አሉ፤ የማማው ተቆጣጣሪ አለ። ተማሪው «እንደገና ልዙር» ሲል ያልቻለ ይመስለዋል። ይሉኝታ የሚያሸንፈን ሕዝብ ነን። ምግብ ሲቀርብልን ርቦን «በልቻለሁ» የምንል፣ መንገድ ጠፍቶን «አውቀዋለሁ» የምንል ነን። ቤት ውስጥ ይህ ጨዋነት ነው። አውሮፕላን ውስጥ ግን ሰው ይገድላል። እኔ ተማሪዎቼን የምመዝነው ስንት ጊዜ አሳምረው አረፉ በሚለው አልነበረም። ማረፉ እንዳላማረ ቀድሞ አውቆ በራሱ ፈቃድ ዞሮ የሚመጣውን ተማሪ ነበር ብቻውን ለመላክ የምደፍረው።

እናት፦ የመጀመሪያው የብቻ በረራ የሚወሰነው በዚህ ነው ማለት ነው?

አስተማሪ፦ አዎ። ሶሎ ሲሉት ሰው የጀግንነት ቀን ይመስለዋል። እኔ ግን ያን ቀን ተማሪው ከመሬት ሳይነሣ «ዛሬ አልተዘጋጀሁም» ቢለኝ አመሰግነው ነበር። ሰማይ አይሸሽም፤ ነገም አለ።

እናት፦ ሞተር በእውነት ከጠፋስ?

አስተማሪ፦ ሞተር ጠፋ ማለት ወደቀ ማለት አይደለም። ሴስና 172 ሞተሯ ጠፍቶ ከ300 ሜትር ከፍታ ላይ ነፋስ በሌለበት ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ትንሳፈፋለች። በቂ ከፍታ ካለ ሜዳ መርጦ ለማረፍ ጊዜ አለ። የሚከፋው እንደ ተነሣሽ ወዲያው ሲጠፋ ነው። ያን ጊዜ ልብ ወደ ኋላ፣ ወደ ማኮብኮቢያው ልመለስ ይላል። ዝቅ ብሎ ዞሮ መመለስ ብዙዎችን ቀጥፏል፤ መታጠፉ ከፍታ ይበላል፤ ከፍታ ሲያልቅ ደግሞ ሰው መሪውን መሳብ ይጀምራል፤ መጨረሻውም ቅድም የነገርኩሽ ስቶል ነው። ስለዚህ ፊት ለፊት ባለው ነገር ላይ፣ እርሻም ይሁን መንገድ፣ ክንፎቹን አስተካክሎ መሪውን በእጅ እንደ ያዙ ማረፍ ይሻላል። አውሮፕላኑ ይሰበር ይሆናል፤ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ይህን ውሳኔ ከመነሣት በፊት፣ መሬት ላይ ሳሉ ጮክ ብለው እንዲናገሩት እናደርጋለን፤ በዚያች ቅጽበት ከባዶ መወሰን አይቻልምና።

እናት፦ የእኛ አገር ተራራማ ነው። ከፍታውስ ለውጥ ያመጣል?

አስተማሪ፦ በጣም። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። አየር መጭመቂያ የሌለው የትንሽ አውሮፕላን ሞተር በዚያ ከፍታ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። 180 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 140 አካባቢ ይቀርለታል ማለት ነው። በዚያ ላይ ሙቀት ሲጨመር ይብሳል። ቦሌ ላይ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቀን ክንፉና ሞተሩ የሚሰማቸው ከ3,200 ሜትር በላይ እንዳሉ ያህል ነው። ለመነሣት ረጅም መንደርደር ያስፈልጋል፤ ከፍ ማለቱም ዝግ ይላል። ሲያርፉ ደግሞ መለኪያው ያው የተለመደውን ፍጥነት ቢያሳይም አውሮፕላኑ መሬቱን የሚያልፈው በይበልጥ ፍጥነት ነው። ዝቅተኛ ቦታ ላይ የሠለጠነ ሰው ደጋ ላይ ሲመጣ መሬቱ ፈጥኖበት «በዛ» ብሎ ከሚገባው በታች ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከዚያ ወደ ስቶል ቅርብ ነው። ስለዚህ የእኛ ልጆች ስሌቱን ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ነው የሚሠሩት፤ የትናንቱ ለዛሬ አይሆንም።

እናት፦ በክረምት ደመናውስ?

አስተማሪ፦ ጥሩ አነሣሽው። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ 20 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ነበር። በመሣሪያ ብቻ መብረር ያልሠለጠኑ ሰዎች ደመና ውስጥ የገቡ ያህል ውጭውን እንዳያዩ ተደረጉ። ሁሉም አውሮፕላኑን መቆጣጠር አቃታቸው፤ በአማካይ የፈጀባቸውም 178 ሴኮንድ፣ ሦስት ደቂቃ እንኳ ያልሞላ ጊዜ ነበር። ደመና ውስጥ የውስጥ ጆሯችን ይዋሸናል። እየዞርን ሳለ ቀጥ ብለን የምንሄድ ይመስለናል። ስለዚህ ገና ያልሠለጠነ ተማሪ ደመና ሲያይ መመለስ አለበት። «ትንሽ ብቻ ነው፣ ጥሼው እወጣለሁ» ያለ ብዙ ጊዜ አይመለስም።

እናት፦ ጋሼ፣ ቅድም «ወደዚያ እመለሳለሁ» ያሉት ነገር አለ። የእኛ ልጆች «አላየሁም» ማለት ይፈራሉ ብለዋል።

አስተማሪ፦ አዎ። ልጆቻችንን ስናሳድግ ታላቅ ሲናገር ዝም በል፣ መምህርን አትቃወም እንላለን። ዝም አይነቅዝም እንላለን። ኮክፒት ውስጥ ግን ዝምታ ይነቅዛል። ተማሪው አስተማሪው የተሳሳተ መስሎት ዝም ሲል፣ አስተማሪው ደግሞ ተማሪው የገባው መስሎት ዝም ሲል፣ አውሮፕላኑን የሚያበርረው ማንም አይደለም። ሁለቱም ሌላው ይዞታል ብለው የተቀመጡበት አደጋ ደርሷል። ለዚህ ነው መሪ ስንቀባበል ሦስት ጊዜ የምንናገረው። የሚረከበው «አይ ሃቭ ኮንትሮል» ይላል፤ የሚለቀው «ዩ ሃቭ ኮንትሮል» ይላል፤ የተረከበው ደግሞ መልሶ ያረጋግጣል። የማያስፈልግ ድግግሞሽ ይመስላል። ያ ድግግሞሽ ግን በደም የተገዛ ነው።

እናት፦ አስተማሪዎችም ይሳሳታሉ ማለት ነው?

አስተማሪ፦ እንዴታ! የአስተማሪ ሥራ ከሁሉ የሚከብደው መቼ እጁን እንደሚያስገባ ማወቁ ላይ ነው። ቶሎ ከነጠቀ ተማሪው አይማርም፤ ከዘገየ ደግሞ ሁለቱም ያልቃሉ። «ይህን ደጋግሞ ሠርቶታል፤ ያስተካክለዋል» እያለ አንድ ሴኮንድ ሲጠብቅ የሚያልፈው ሴኮንድ አይመለስም። የረጅም ጊዜ ልምድም ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ቦይንግ የሠራው ሞዴል 299 የሚባል ትልቅ አውሮፕላን ሲፈተሽ እንደ ተነሣ ወደቀ። አብራሪው በችሎታው የተመሰገነ የፈተና አብራሪ ነበር። የወደቀውም፣ አውሮፕላኑ በቆመበት ጊዜ ነፋስ መሪዎቹን እንዳይወዘውዛቸው የሚያስረው ቁልፍ ሳይፈታ ስለ ተነሣ ነው። ከዚያ በኋላ ነው አብራሪዎች በማስታወስ መመካትን ትተው የማረጋገጫ ዝርዝር ከወረቀት እያነበቡ መሥራት የጀመሩት። ዛሬ ልጅሽ ሴስናዋን ዙሪያዋን ዞራ ስታይ፣ ነዳጁ ውስጥ ውሃ እንዳይኖር ከታንኩ በትንሽ ብልቃጥ ቀድታ ስትመለከት፣ ዝርዝሩን በጣቷ እየነካች ስታነብ፣ ያ አደጋ ያስተማረውን ነው የምትሠራው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለዚህ ነው።

እናት፦ ለታይታ የሚበርሩስ የሉም? ወጣት ሲሆኑ ደም ይሞቃል።

አስተማሪ፦ አሉ፤ ከጥንትም ነበሩ። አገራችን የመጀመሪያውን አውሮፕላን ያየችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ አንድሬ ማዬ የሚባል ፈረንሳዊ ፖቴዝ 25 አብርሮ አዲስ አበባ አረፈ። በቀጣዩ ዓመት ግድም፣ የንጉሠ ነገሥቱ ንግሥ ሲቃረብ፣ ከኒው ዮርክ ሃርለም የመጣ ሁበርት ጁሊያን የሚባል አብራሪ ንጉሠ ነገሥቱ የሚሳሱላትን ጂፕሲ ሞዝ የምትባል ትንሽ አውሮፕላን ይዞ ተነሥቶ ከሰከሳት። እሱ ተረፈ፤ ግን ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። በዚያው ዘመን ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ እዚሁ አዲስ አበባ ተምረው የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። ዛሬ ስማቸውን የምናነሣው በትዕግሥት ተምረው ፈተናቸውን ስላለፉ ነው።

እናት፦ ሁሉም ታሪክ በሞት የሚያልቅ ነው እንዴ? ተስፋ የሚሰጥ ይንገሩኝ።

አስተማሪ፦ አለ እንጂ። ነሐሴ 25 ቀን 2011 ዓ.ም. አውስትራሊያ፣ ፐርዝ አጠገብ፣ አንድ ተማሪ በሴስና 152 ሲበርር አስተማሪው ራሱን ስቶ በትከሻው ላይ ተደገፈ። ተማሪው ከዚያ በፊት ብቻውን አውሮፕላን አሳርፎ አያውቅም። በራዲዮ ጠራ። የጃንዳኮት ማማ ተቆጣጣሪ ለአንድ ሰዓት ያህል በእርጋታ እየመራው አሳረፈው፤ አስተማሪውም ሆስፒታል ገብቶ ተረፈ። ጳጉሜን 4 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ፣ ቤቨርሊ ከተማ፣ አንዲት የ17 ዓመት ተማሪ ብቻዋን ፓይፐር በምትባል ትንሽ አውሮፕላን እንደ ተነሣች ከዋናዎቹ ጎማዎች አንደኛው ተገንጥሎ ወደቀ። ተቆጣጣሪዎቹ ነገሯት፤ አስተማሪዋም በራዲዮ እየመከራት ቆየ። በአንድ በኩል ጎማ ሳይኖራት አርፋ በእግሯ ወጣች።

እናት፦ እነዚህን ልጆች ያዳናቸው ምንድን ነው? ዕድል?

አስተማሪ፦ ዕድል የለበትም አልልም። ግን ሁለቱም ያለ ሐፍረት ተናገሩ። የማያውቁትን አልደበቁም። ማዶ ያለው ሰው ደግሞ አልተቆጣቸውም። በተረጋጋ ድምፅ አንድ በአንድ ነገራቸው። የሚናገር ተማሪና የማይቆጣ ሰሚ ሲገናኙ ሰው ይተርፋል። ከሥራ ዘመኔ ሁሉ ያወጣሁት ዋና ነገር ይህ ነው።

እናት፦ ሲወድቅ ግን ሰው ሁሉ «ማን አጠፋ?» ነው የሚለው። «ተማሪው አላወቀም ነበር» ይባላል፤ በቃ፣ ይዘጋል።

አስተማሪ፦ ከአደጋው ቀጥሎ የሚከፋው ስሕተት ይህ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦ፣ ስለ አደጋ ምርመራ ያወጣው 13ኛው አባሪ የምርመራው ብቸኛ ዓላማ ተመሳሳይ አደጋ እንዳይደገም ማድረግ መሆኑን፣ ጥፋተኛ መፈለግ እንዳልሆነ በግልጽ ይደነግጋል። ይህ ለጥፋተኛ ማዘን አይደለም፤ የብልህ ሰው ሥራ ነው። «ተማሪው አጠፋ» ካልሽ ነገሩ ከተማሪው ጋር ይቀበራል። «ተማሪው ያን ቀን ለምን እንደዚያ ማድረግ ትክክል መሰለው?» ካልሽ ግን ብዙ ነገር ይወጣል። ተቻኩሎ የተጻፈ የሥልጠና መርሐ ግብር፣ ያልተጠገነ መሣሪያ፣ በአንድ ሞገድ ላይ የተጨናነቀ ራዲዮ፣ ደክሞት የመጣ አስተማሪ ይወጣል። እነሱን ስታስተካክዪ የሚቀጥለውን ልጅ ታድኛለሽ። ጥፋቱን የሚናገር ሰው በቅጣት ከተባረረ ደግሞ የሚቀጥለው ይደብቃል፤ የተደበቀው ስሕተት ሌላ ቀን በሌላ ልጅ ላይ ይወጣል።

እናት፦ እንግዲህ የልጄን ትምህርት ቤት ምን ብዬ ልጠይቅ?

አስተማሪ፦ አውሮፕላኖቹ አዲስ ናቸው ወይ ብለሽ አትጀምሪ፤ በወጉ የተያዘ አሮጌ አውሮፕላን ደህና ይበርራል። «ተማሪ ሳያርፍ ዞሮ ሲመጣ ነጥብ ይቀነስበታል?» ብለሽ ጠይቂ። «ስሕተቱን ራሱ የተናገረ ተማሪ ምን ይደርስበታል?» በዪ። «አንድ አስተማሪ በቀን ስንት ሰዓት ይበርራል? የአየር ጠባዩ ሲከፋ በረራ የሚሰርዘው ማን ነው? የሰረዘውንስ ሰው ማን ይቆጣዋል?» በዪ። መልሱን ሲሰጡሽ ፊታቸውን አይተሽ ታውቂዋለሽ። በደንብ የሚሠራ ትምህርት ቤት በእነዚህ ጥያቄዎች ደስ ይለዋል።

እናት፦ ከእኔስ? በቤት በኩል የምሠራው ነገር አለ?

አስተማሪ፦ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፤ ሰው ግን አያስበውም። ልጅሽ ገና ትምህርቷን ሳትጨርስ ሰፈሩ ሁሉ «ካፒቴን» ይላታል፣ አይደል?

እናት፦ ይላታል። እኔም እላታለሁ። የካፒቴን አምሳለ ጓሉን ፎቶ ግድግዳዋ ላይ ለጥፋለች። ካፒቴን አምሳለ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን የሆነችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነበር፤ ልጄ ያኔ ሕፃን ነበረች። ዘመዶቻችን ገንዘብ አዋጥተው ነው የላኳት። ድግስም ተደግሷል።

አስተማሪ፦ ደስታችሁ ይገባኛል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ያን ሁሉ ይዛ ነው መሪውን የምትጨብጠው። «ዛሬ አልበርርም» ብትል የምታሳፍረው አስተማሪዋን ብቻ አይደለም፤ ያዋጡትን ዘመዶች፣ የደገሱትን ጎረቤቶች፣ አንቺን ነው። ፈተና ወድቃ ብትደግም ምን ልትል ነው? ደክሟት፣ ታማ፣ ተጨንቃ ሳለ «ደህና ነኝ» ብላ ልትነሣ ትችላለች። የአደጋ ሰንሰለት የሚጀምረው ሁልጊዜ ማኮብኮቢያው ላይ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ከምግብ ጠረጴዛችን ላይ ይጀምራል።

እናት፦ እኔ ለክብሯ ብዬ ነበር የምጠራት።

አስተማሪ፦ ክብሯን ጠብቂላት፤ ሸክሙን ግን አንሺላት። ዛሬ ደውለሽ ንገሪያት። አልቻልኩም ብላ ብትመለስ ቤቱ ቤቷ መሆኑን፣ ፈተና ብትወድቅ ማንም እንደማያፍርባት፣ ሦስት ጊዜ ዞራ በአራተኛው ብታርፍ እንደምትኮሪባት ንገሪያት። ይህን ከእናቷ አፍ የሰማች ተማሪ በዚያች በመጨረሻዋ መታጠፊያ ላይ እጇ መሪውን ከመሳብ ይልቅ ለሞተሩ ጉልበት ለመስጠት ይቀናዋል። እኔ በአሥር ትምህርት የማላስተምራትን በአንድ የስልክ ጥሪ ታስተምሪያታለሽ።

እናት፦ እንግዲያው ሌላም እጨምራለሁ። ለዘመዶቼም እነግራለሁ፤ ያዋጡት ገንዘብ እንድትማር እንጂ እንድትቸኩል አይደለም። እስክትጨርስ ድረስ «ካፒቴን» የሚላትም አይኖርም። በስሟ እንጥራት።